የባሕር ኪታቦች፦ ማን ጻፋቸው? ማንስ ጠበቃቸው?



«ኪታብ» ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን የፊቅህ፣ የነሕው፣ የተፍሲር ወይም የሐዲስ ኪታብ ነው። ደረሳው ከሸይኹ ፊት ተቀምጦ የሚቀራው፣ በዳርና ዳሩ ማብራሪያ የሚጽፍበት፣ አባት ለልጁ የሚያወርሰው ኪታብ። ለመሆኑ ሙስሊሞች ስለ መርከብ መንገድ፣ ስለ ነፋስና ስለ ኮከብ፣ ስለ ወደብና ከውኃ በታች ስለተደበቀ ዓለት የጻፏቸው ኪታቦች እንዳሉ ስንቶቻችን ሰምተናል? እነዚያ ኪታቦች ዛሬ የት ይገኛሉ? ከጨውና ከእርጥበት፣ ከብልና ከእሳት ማን አተረፋቸው?

ጥያቄው የታሪክ ተመራማሪዎች ብቻ አይደለም። የእያንዳንዱ ቤተሰብ ጥያቄ ነው። አንድ ኪታብ መቶ ዓመት የሚቆየው በየትውልዱ ቢያንስ አንድ ሰው «ይህ አይጣልም» ስላለ ነው። በመካከል አንድ ትውልድ ቸል ካለ ያለፉት ሁሉ ድካም ከንቱ ይቀራል። የባሕር ኪታቦች ታሪክ ይህን ከሌሎቹ ይልቅ አጉልቶ ያሳየናልና እስቲ አብረን እንመልከተው። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባሕር ሙዓሊም

በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ መርከብን በመንገዷ የሚመራው ሰው «ሙዓሊም» ይባል ነበር። በየመድረሳችን መምህሩን የምንጠራበት ያው ቃል ነው። የመርከቡ ባለቤት ሌላ፣ ነጋዴው ሌላ፣ ሙዓሊሙ ሌላ ነው። በሙዓሊሙ እጅ ያለው የሰው ነፍስና የሰው ገንዘብ ነውና ዕውቀቱ በመላ ምት የሚያዝ አልነበረም።

ከእነዚህ ሙዓሊሞች ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው አሕመድ ኢብን ማጂድ ናቸው። የተወለዱት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጁልፋር በተባለችው ወደብ አካባቢ ሲሆን ቦታው ዛሬ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የራስ አል-ኸይማ ግዛት ነው። አያታቸውም አባታቸውም የባሕር ሙዓሊሞች ነበሩ። አባታቸው ስለ ቀይ ባሕር ጉዞ ከ1,000 በላይ ስንኞች ያሉት «አል-ሒጃዚያ» የተባለ ግጥም ጽፈዋል። ልጅዬው የአባታቸውን ዕውቀት አክብረው ተቀበሉ፤ ነገር ግን በራሳቸው ጉዞ የተለየ ነገር ሲያገኙ አርመው ጻፉ። አባትን ማክበርና የአባትን ስሕተት ማረም አብረው እንደሚሄዱ ከዚህ እንማራለን።

ኢብን ማጂድ በ866 ዓመተ ሒጅራ (1462) «ሓዊየቱል ኢኽቲሳር» የተባለውን ወደ 1,000 ስንኝ የሚጠጋ ግጥም አጠናቀቁ። ዋናው ሥራቸው ግን በ895 ዓመተ ሒጅራ (1489/90) የጻፉት «ኪታቡል ፈዋኢድ» ነው። ኪታቡ በ12 «ፋኢዳዎች» የተከፈለ ሲሆን ስለ ባሕር ጉዞ አጀማመር፣ ስለ ጨረቃ ማረፊያዎች፣ ስለ ኮከብ ልኬት፣ ስለ ወቅታዊ ነፋሶችና ስለ ትላልቅ ደሴቶች ያስረዳል። የመጨረሻው፣ 12ኛው ፋኢዳ የቀይ ባሕር ነው። ደሴቶቹን፣ ዓለቶቹንና መተላለፊያዎቹን በዝርዝር ያስቀምጣል። የእኛም አባቶች ለሐጅና ለንግድ የተሻገሩት ይህንኑ ባሕር ነውና ያ ምዕራፍ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ግጥም ለምን አስፈለገ? ይህን ለደረሳ ማስረዳት አያሻም። አልፊያን በቃሉ የያዘ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። የነሕው ሕግ በ1,000 ስንኝ ተሰድሮ በልብ እንደሚያዝ ሁሉ የባሕር መንገድም እንዲሁ ተሰድሮ ይያዝ ነበር። ሌሊት በማዕበል መካከል፣ መብራት በሌለበት፣ ኪታብ ገልጦ ማንበብ አይቻልም። በልብ የተያዘ ግን አይረጥብም፤ ነፋስም አይወስደው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኢብን ማጂድ ራሳቸው የአሮጌ ባሕር ኪታቦች ፈላጊ ነበሩ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩ ሦስት የባሕር ሊቃውንትን፣ ማለትም ሙሐመድ ኢብን ሻዛንን፣ ሰህል ኢብን አባንንና ለይስ ኢብን ከህላንን በስማቸው ያነሣሉ። ከእነርሱ ዘር የሆነ ሰው በእጁ የጻፈውን፣ 580 ዓመተ ሒጅራ የሚል ዘመን የሰፈረበትን ቅጂ እንዳዩም ይናገራሉ። እንግዲህ ከ300 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ኪታብ አግኝተው፣ አንብበው፣ ከራሳቸው ልምድ ጋር አስተያይተው ነው የጻፉት። ያ የ580 ቅጂ ዛሬ የለም። የሦስቱ ሊቃውንት ሥራም አልተረፈም። ስማቸውን የምናውቀው ኢብን ማጂድ ስላነሡት ብቻ ነው።

አንድ ጣት፣ አንድ ቀንና ሌሊት

በእነዚህ ኪታቦች ውስጥ ያለው ዕውቀት ምን ዓይነት ነው? ለወጣቶቻችን በአጭሩ እናስረዳ።

የመርከቡ አቅጣጫ የሚለካው በ32 ክፍል በተከፈለ ክብ ነበር። የየክፍሉ ስም የኮከብ ስም ነው፤ ሱረያ የምትወጣበት፣ ሱረያ የምትጠልቅበት፣ ሱሀይል የሚወጣበት፣ እያለ ይቀጥላል። ኮምፓስም ነበራቸው፤ ቢሆንም የክቡን ስሞች ከሰማይ ወስደዋል።

የቦታው ርቀት ደግሞ የሚታወቀው የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ምን ያህል ከፍ እንዳለ በመለካት ነው። መለኪያው «ኢስባዕ» ማለትም ጣት ይባላል። እጅን ወደፊት ዘርግቶ ጣትን በአድማስና በኮከቡ መካከል ማስገባት የልኬቱ መነሻ ነው። ከዚያም የእንጨት ጣውላ መጣ፤ መሐሉ ላይ የተቋጠረ ክር አለው። መርከበኛው ክሩን በጥርሱ ነክሶ ጣውላውን ይዘረጋል። የጣውላው የታች ጠርዝ ከአድማስ፣ የላዩ ጠርዝ ከኮከቡ ጋር ሲገጥም ቋጠሮው ልኬቱን ይነግረዋል። የእያንዳንዱ ወደብ ልኬት በኪታቡ ስለተጻፈ ሙዓሊሙ ኮከቡ በዚያው ከፍታ እስኪገኝ ድረስ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይጓዛል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ አዙሮ ከፍታውን ጠብቆ ሲሄድ ወደቡ ላይ ይደርሳል።

በክፍል ውስጥ ይህን ስሌት በሰሌዳ ላይ ስሠራው ተማሪዎቼ እርሳስ አንሥተው አብረው ያሰላሉ። ኢብን ማጂድ ሙሉውን ክብ በ224 ጣት ከፍለውታል። 360 ዲግሪ ለ224 ሲካፈል አንድ ጣት 1.6 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ይህም በምድር ላይ ወደ 178 ኪሎ ሜትር ነው። ሌላው መለኪያ «ዛም» ይባላል፤ የሦስት ሰዓት ጉዞ ማለት ነው። ኮከቡ አንድ ጣት ከፍ እንዲል ስምንት ዛም ወደ ሰሜን መጓዝ ያስፈልጋል። ስምንት በሦስት 24 ነው። ስለዚህ አንድ ጣት የአንድ ቀንና ሌሊት መንገድ ነው። ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሰው እጅና የአላህ ኮከብ አብረው ሲሠሩ ማየት ልብን ያረካል። ቁርኣን በሱረቱል አንዓም ከዋክብት በየብስና በባሕር ጨለማ መመሪያ መሆናቸውን ይጠቅሳል። ሙዓሊሞቹ ዕውቀታቸውን ከዚህ መልእክት ጋር ያያይዙት ነበር።

ከኢብን ማጂድ በኋላ የተነሡት ሱለይማን አል-መህሪ ናቸው። የሐድረመውት ወገን የሆኑት እኚህ ሊቅ በ917 ዓመተ ሒጅራ (1511) «አል-ዑምዳ አል-መህሪያ» የተባለውን ኪታብ ጽፈዋል። አጻጻፋቸው ከኢብን ማጂድ ይልቅ የተደራጀና ለመከተል የቀለለ ነው።

ኪታቦቹ የተጓዙት ጉዞ

ይሁን እንጂ የባሕር ኪታብ ዕድሜው አጭር ነው። የመድረሳ ኪታብ በደረቅ ሳጥን ይቀመጣል፤ የመርከብ ኪታብ ግን ጨው ይበላዋል፤ እርጥብ እጅ ይገልጠዋል። መርከቧ ስትሰጥም አብሮ ይሰጥማል። አዲስ ኪታብ ሲወጣም አሮጌው ይጣላል፤ ያረጀ የመንገድ መመሪያ አደገኛ ነውና። ስለዚህ የተረፈው ጥቂት ነው። የተረፈውም እንዴት እንደተረፈ መስማት ይገባል።

በ1550ዎቹ የዑስማኒያ መርከቦች አዛዥ የነበሩት ሰይዲ ዓሊ ረኢስ መርከቦቹን ከበስራ ወደ ስዊዝ እንዲወስዱ ታዘዙ። ከፖርቱጋሎች ጋር ተዋጉ፤ ማዕበልም መታቸው፤ መርከቦቻቸው ተጎድተው በሕንድ ጉጃራት ምድር ወጡ። ወደ አገራቸው የተመለሱት በየብስ ነው። እዚያው አሕመዳባድ ሳሉ በ1554 «አል-ሙሒጥ» የተባለውን ኪታብ በቱርክኛ ጻፉ። በውስጡም የኢብን ማጂድንና በተለይ የሱለይማን አል-መህሪን ዕውቀት ወሰዱበት። መርከቦቹ ቢጠፉም ኪታቡ ኢስታንቡል ደረሰ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ስለ ዓረብ የባሕር ኪታቦች የሰሙት ከዚሁ ከአል-ሙሒጥ ነበር፤ የዓረብኛው ምንጭ ግን ጠፋ ተብሎ ይታሰብ ነበር።

እውነቱ ግን አልጠፋም ነበር። በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ 2292 እና 2559 የሚል ቁጥር ይዘው የተቀመጡ ሁለት የዓረብኛ ኪታቦች ነበሩ። በ1912 ምንነታቸው መታወቅ ጀመረ፤ የኢብን ማጂድና የሱለይማን አል-መህሪ ሥራዎች ሆነው ተገኙ። ፈረንሳዊው ገብርኤል ፌራን በ1920ዎቹ ገጾቹን በፎቶግራፍ አንሥተው አሳተሟቸው። ሌላ ቅጂ ደግሞ በደማስቆ ተገኘ። በ1971 ደግሞ እንግሊዛዊው ቲቤትስ ኪታቡል ፈዋኢድን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው ከሰፊ ማብራሪያ ጋር አወጡት።

ሦስተኛው ታሪክ ከሁሉም ይከብዳል። በሌኒንግራድ በሚገኝ የምሥራቅ ኪታቦች ክምችት ውስጥ የኢብን ማጂድ ሦስት ግጥሞች ያሉበት ጥራዝ ነበር። አንዱ ስለ ሶፋላና የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ አንዱ ስለ ማላካ መንገድ፣ አንዱ ደግሞ ከጅዳ እስከ ዓደን ስላለው መንገድ ነው። ታላቁ የዓረብኛ ሊቅ ክራችኮቭስኪ ጥራዙን ቴዎዶር ሹሞቭስኪ ለተባሉ ወጣት ተማሪያቸው አሳዩአቸው። ሹሞቭስኪ በ1938 በስታሊን መንግሥት ታሰሩ። ከዓመታት በኋላ ወጥተው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ እንደገና ተይዘው ወደ ካምፕ ተላኩ። ነፃ የወጡት በ1956 ነው። በ1957 ሦስቱን ግጥሞች ከትርጉማቸው ጋር አሳተሙ። ያን ሁሉ ዘመን ጥራዙ በመደርደሪያው ላይ ቆየ፤ የሰውዬውም ልብ ከጥራዙ አልተለየም። ያን የመሰለ ትዕግሥት የትም ቢገኝ ሊመሰገን ይገባል።

ኪታብ ሲጠፋ ስም ይጎድፋል

«አሮጌ ወረቀት ቢጠፋ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። የሚጎዳውን በአንድ ምሳሌ እንመልከት።

ፖርቱጋላዊው ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 አፍሪካን ዞሮ ማሊንዲ ወደብ ደረሰ። ከዚያ በኤፕሪል 24 ተነሥቶ፣ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይዞ፣ በሜይ 20 ካሊከት አካባቢ ደረሰ። ያ መንገደኛ መሪ ማን ነበር? ብዙ መጻሕፍት ያለ ማመንታት «አሕመድ ኢብን ማጂድ» ይላሉ። በኪሳራው ሁሉ ኃላፊ ያደርጓቸዋል። ይባስ ብሎ ሰክረው መንገዱን አሳዩ የሚል ክስ ተለጥፎባቸዋል።

ክሱ የመጣው ከየት ነው? ቁጥቡዲን አን-ነህረዋሊ የተባሉ የመካ ታሪክ ጸሐፊ «አል-በርቅ አል-የማኒ» በተባለው መጽሐፋቸው አሰፈሩት። እርሳቸው የሞቱት በ1582 ነው፤ የጻፉትም ነገሩ ከሆነ ከበርካታ አሥርታት በኋላ ነው። በአንጻሩ ከፖርቱጋል ታሪክ ጸሐፊዎች ባሮስ መሪው የጉጃራት ሙስሊም እንደነበር ጽፏል። የሰጠውም ስም «ማሌሞ» ብሎ ይጀምራል፤ ይህም «ሙዓሊም» የሚለው የሥራ መጠሪያ እንጂ የሰው ስም አይደለም። ኢብን ማጂድ ደግሞ የጁልፋር ሰው ናቸው እንጂ የጉጃራት አይደሉም። ቲቤትስን ጨምሮ በርካታ ተመራማሪዎች የኢብን ማጂድን ኪታቦች መርምረው ክሱን አልተቀበሉትም። በሶፋላው ግጥም ውስጥ ስለ ፖርቱጋሎች የሚናገሩት ስንኞችም ኋላ በሌላ እጅ የገቡ ናቸው ብለው የሚጠራጠሩ አሉ። የሻርጃው ገዥ ሸይኽ ሱልጣን አል-ቃሲሚም በ2000 የኢብን ማጂድን ንጽሕና የሚከራከር መጽሐፍ አሳትመዋል።

እንግዲህ አስተውሉ! የአንድ ሙስሊም ሊቅ ክብር ለአራት መቶ ዓመታት በሰሚ ሰሚ ወሬ ሲጎድፍ፣ ሊከላከሉለት የሚችሉት የራሱ ኪታቦች በሩቅ አገር መደርደሪያ ላይ ተዘግተው ነበር። ወሬን ሳያጣሩ አለመቀበል ዲናችን ያዘዘን ነው። ማጣራት የሚቻለው ግን የሚጣራበት ጽሑፍ ሲኖር ነው። ኪታብን መጠበቅ ምስክርን በሕይወት እንደማቆየት ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ሰብሳቢ ሁሉ ጠባቂ አይደለም

ዛሬ በዓለም ላይ አሮጌ የባሕር መጻሕፍትን የሚሰበስቡ ሰዎችና ተቋማት ብዙ ናቸው። ከሚፈለጉት አንዱ የዑስማኒያው አድሚራል ፒሪ ረኢስ «ኪታቢ በሕሪየ» ነው። ፒሪ ረኢስ የሜዲትራኒያንን ባሕር ወደቦችና ደሴቶች በካርታ እየሣሉ በ1521 አዘጋጁት፤ በ1526 አስፋፍተው ለሱልጣን ሱለይማን አቀረቡት። መጽሐፉ ለብዙ ዘመን በእጅ እየተገለበጠ ስለተባዛ ቅጂዎቹ ዛሬ በኢስታንቡል፣ በፓሪስ፣ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች ይገኛሉ። በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ያለው የዎልተርስ ሙዚየም አንድ ያማረ ቅጂ አለው። ሄንሪ ዎልተርስ የተባለው ባለጸጋ በ1931 ሲሞት ስብስቡን በሙሉ ለከተማው ሕዝብ ተናዘዘ። ሙዚየሙም የኪታቡን ገጾች በፎቶ አንሥቶ ማንም ያለ ክፍያ እንዲያያቸው አድርጓል። የግል ሀብት የሕዝብ ሲሆን እንዲህ ነው።

ሌላ ዓይነት ሰብሳቢም አለ። ካርታ በመስተዋት ተለብዶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ከመጽሐፉ ይበልጥ ገንዘብ ያወጣል። ስለዚህ አንዳንድ ነጋዴዎች መቶ ዓመታትን ያለፈ መጽሐፍ ገዝተው ካርታዎቹን እየቆረጡ አንድ በአንድ ይሸጣሉ። የቀረው ጽሑፍ ሬሳ ይሆናል። በ2005 አንድ አሜሪካዊ የካርታ ነጋዴ በዬል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ገጽ ሲቆርጥ ተያዘ። ከተለያዩ ቤተ መጻሕፍት 97 ካርታዎችን መስረቁን አምኖ በ2006 ተፈረደበት። ሰውዬው ስለ አሮጌ ካርታ ብዙ ያውቅ ነበር፤ ዕውቀቱ ግን ከእጁ አልጠበቀውም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የኩዌት ምሳሌ ነው። ነዳጅ ከመውጣቱ በፊት የኩዌት ናኹዳዎች በሸራ መርከብ ወደ ሕንድና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይመላለሱ ነበር። ብዙዎቹ የየዕለቱን ጉዞ፣ ነፋሱን፣ የደረሱበትንና የጫኑትን «ሩዝናማ» በሚሉት ደብተር ይመዘግቡ ነበር። የሸራ መርከብ ዘመን ሲያበቃ ደብተሮቹ በየቤቱ ሳጥን ቀሩ። ኩዌታዊው የታሪክ ተመራማሪ ዶክተር የዕቁብ አል-ሒጂ ከየቤተሰቡ እየጠየቁ አሰባሰቧቸው፤ መርምረውም እንዲታተሙ አደረጉ። ልጆቹ ባይጥሏቸው ኖሮ ነው ያን ማድረግ የተቻለው። አባቴ የጻፈው ነው ብለው ስላስቀመጡት ብቻ አንድ ሙሉ ዘመን ተረፈ።

መሰብሰብ የሚሻ ወጣት ምን ይወቅ?

ከወጣቶቻችን መካከል አሮጌ መጻሕፍትን የመሰብሰብ ዝንባሌ ያለው ቢኖር ጥቂት ነጥቦችን እናካፍለው።

አንደኛ፣ ጠባብ ርዕስ ይምረጥ። «የባሕር መጽሐፍ» ሰፊ ነው፤ «የቀይ ባሕር የጉዞ መመሪያዎች» ግን የሚያዝ ነው። የእንግሊዝ መርከቦች ከ1829 እስከ 1834 ቀይ ባሕርን ለክተው ካርታ አንሥተዋል፤ የዚያ ሥራ አዛዦች ሞርስቢና ኤልወን ያዘጋጁት መመሪያ በ1841 ታትሟል። እነዚህን ከኢብን ማጂድ 12ኛ ፋኢዳ ጋር አስተያይቶ ማንበብ ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ የሌለው ሰው አይዘን። ዋናው ቅጂ ባይገኝ የፎቶ ቅጂው ዕውቀቱን ሳያጎድል ይሰጣል። ኪታቢ በሕሪየ በ1935 ቱርክ ውስጥ በፎቶ ቅጂ ታትሟል፤ በ1988ም በአራት ጥራዝ ወጥቷል። የሚነበብ ቅጂ ከማይነበብ ዋና ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ መጽሐፉ ሙሉ መሆኑን ያረጋግጥ። ገጾቹን ይቁጠር፤ ካርታ የተቆረጠበት ጠርዝ መኖር አለመኖሩን በጥራዙ ስፌት በኩል ይመልከት። በእጅ የተጻፈ ከሆነ መጨረሻውን ያንብብ፤ ገልባጩ ስሙን፣ ቦታውንና ዘመኑን የሚያሰፍረው እዚያ ነው። በዳር የተጻፉ የቀድሞ ባለቤቶች ቃላትም አይፋቁ፤ የኪታቡ የሕይወት ታሪክ ናቸው።

አራተኛ፣ ይህ ከሁሉ ይበልጣል፤ የመጀመሪያውን ገጽ ሳያነብ አይግዛ። «ወቅፍ» የሚል ቃል ወይም ማኅተም ካለበት ኪታቡ ለአላህ ሲባል ለመስጊድ፣ ለመድረሳ ወይም ለተማሪዎች የተሰጠ ነው። ወቅፍ የሆነ ነገር ለሽያጭ፣ ለስጦታም ሆነ ለውርስ እንደማይውል የታወቀ ነው። የያዘው ሰው አደራ ተቀባይ እንጂ ባለቤት አይደለም። እንዲህ ያለ ኪታብ በገበያ ቢያገኝ ዑለማን ጠይቆ ወደ ቦታው የሚመለስበትን መንገድ ይፈልግ። ኪታብ ለመሰብሰብ ብሎ የደረሳን ሐቅ መሰብሰብ አይገባም።

አምስተኛ፣ የአገርን ሕግ ይወቅ። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ የያዘ ሰው እንዲያስመዘግብና በሚገባ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ ማውጣትንም ይከለክላል። አንድ ጊዜ ድንበር የተሻገረ ኪታብ ተመልሶ ለማየት እንኳ የሰው አገር ቪዛ ያስፈልጋል።

በቤታችን ያሉት ሳጥኖች

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የባሕር ኪታብ በቤታችን አይኖር ይሆናል። ነገር ግን በሐረር፣ በወሎ፣ በጅማ፣ በባሌና በሌሎችም ቦታዎች በየቆጡና በየሳጥኑ የተቀመጡ የዓረብኛና የዐጀም ኪታቦች ያሉበት ቤት ብዙ ነው። አያት የገለበጡት ፊቅህ፣ የቅድመ አያት መንዙማ፣ የንግድ ደብተር፣ የሐጅ ጉዞ ማስታወሻ፣ የኒካሕ ውል ሊሆን ይችላል። ዓረብኛ የማይችል ልጅ ሁሉም አንድ ይመስለዋል።

በሐረር አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ለዓመታት ከየቤቱ የሰበሰቡት ኪታብና ቅርስ በግል ሙዚየማቸው ተቀምጧል፤ ሙዚየሙም ለጎብኚና ለተመራማሪ ክፍት ነው። ከመሰብሰብም አልፈው ተረስቶ የነበረውን የኪታብ ጥረዛ ሙያ ተምረው ያረጁትን እየጠገኑ ለሌሎችም አስተምረዋል። ሥራው የተጀመረው በአንድ ሰው ፍላጎት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የዓረብኛ ኪታቦች ስብስብ አለው።

አንድ የተለመደ ነገር አለ። ያረጁ ገጾች የአላህ ስም ስላለባቸው እንዳይረገጡ ተብሎ ይቀበራሉ ወይም ይቃጠላሉ። ኒያው መልካም ነው፤ ክብሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከመቀበሩ በፊት ኪታቡ ምን እንደሆነ የሚያነብ ሰው ይታይልን። ምናልባት ሌላ ቅጂ የሌለው ይሆናል። የተቀበረ ገጽ እንደ ሰጠመች መርከብ ነው፤ የጫነችውን የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! በዚህ ወር አንድ የጁሙዓ ከሰዓት በኋላ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሳጥኑን ክፈቱ። ኪታቦቹን ከእርጥበትና ከምስጥ አርቁ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ በፕላስቲክ ግን አትዝጉባቸው፤ እርጥበት ያምቃልና። የተገነጠለውን በፕላስተር አታጣብቁ፤ ሙጫው ቀለሙን ይበላዋል። የእያንዳንዱን የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። የአካባቢያችሁን ሸይኽ ጋብዛችሁ ርዕሱን፣ ጸሐፊውንና ዘመኑን ያንብቡላችሁ፤ ልጁም በደብተር ይመዝግብ። አያት በሕይወት ካሉ «ይህ ከማን መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ጻፉ። እርሳቸው ካለፉ በኋላ ያንን የሚነግራችሁ አይገኝም።

ልጆችም ኪታቡን የጻፈውን ሰው ስም ካወቁ በኋላ ማንበብ መማር ይፈልጋሉ። ያ ከሁሉ የሚበልጥ ጥበቃ ነው፤ ኪታብ ከሳጥን ይልቅ የሚቀራው ሰው ዘንድ ደኅና ነውና።

አላህ የአባቶቻችንን አደራ የምንጠብቅ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።